ያገለገለ ካነን 5ዲ ማርክ 2 ካሜራ ልግዛ ወይስ ሌንስ? (ቡራዩና ገፈርሳ አካባቢ ነው የማነሳው)

ቡራዩ_ንጋት
ማክሰኞ፣ ማታ 2፡40

ሰላም ቤተሰብ። ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ያለኝ ካሜራ ካነን 600ዲ ነው። የአጎቴ ልጅ ነው የሰጠኝ። አብሮት የመጣው 18-55 ኪት ሌንስ አለ፣ ሌላ የለኝም። ሦስት ዓመት በዚሁ ነው የሠራሁት። ቤቴ ቡራዩ ነው። ቅዳሜ ጠዋት በሚኒባስ ገፈርሳ እወርድና ውሃው ዳር ያሉትን ወፎች አነሳለሁ። በተለይ ዝይዎቹን እወዳቸዋለሁ። እነዚያ ክንፋቸው ላይ ሰማያዊ ያለባቸውን፣ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አገር የሌሉትን። ሳምንቱን ሙሉ የማስበው እነሱን ነው።

ችግሬ፣ ወፏ ፎቶው ላይ የጤፍ ፍሬ አክላ ነው የምትወጣው። ልቁረጠው ስል ደግሞ ብዥ ይልብኛል።

ሌላም አለ። ሰፈር ውስጥ «ፎቶ አንሳን» ይሉኛል። የጥምቀት ለት የጎረቤት እናቶችን አነሳኋቸው። ነጠላቸው ግራጫ፣ ፊታቸው ጨለማ ሆኖ ወጣ። አንዷ እናት «አልደረሰም እንዴ?» እያለች እስካሁን ትጠይቀኛለች። ምን ብዬ ልስጣት?

አሁን ትንሽ ብር አጠራቅሜያለሁ። አንድ ልጅ ያገለገለ 5ዲ ማርክ 2 ሊሸጥልኝ ነው፣ ቦዲ ብቻ፣ ያለ ሌንስ። «ፉል ፍሬም ነው (ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰሩ ትልቅ ነው)፣ ጥራቱ ሌላ ነው» ይለኛል። በዚያው ብር ደግሞ ያገለገለ 55-250 (ከሩቅ የሚያቀርብ) እና 50 ሚሜ ኤፍ/1.8 ሌንስ ሁለቱንም አገኛለሁ። ጓደኞቼ ቦዲውን ግዛ ይላሉ። የምንዛሪው ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ዕቃው ከእጃችን እየራቀ ነው። አንዴ ከተሳሳትኩ ለመመለስ ዓመት ይፈጅብኛል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?


ኮተቤ_ሰማይ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡05

ፉል ፍሬሙን ግዛ ወንድሜ። ማታ፣ ቤት ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚያወጣው ነገር ይለያል። እኔ ከገዛሁት በኋላ ወደ ኋላ ማየት አልፈለግኩም።


ሱሉልታ_ሯጭ
ማክሰኞ፣ ማታ 3፡50

ኮተቤ፣ ያልከው ሠርግ ለሚሠራ ሰው ልክ ነው። ለዚህ ልጅ ግን አይሆንም። በዚህ ጉዳይ ራሴ ተቃጥያለሁና በደንብ ላስረዳ።

ቡራዩ፣ መጀመሪያ ይህን እወቅ። ያለህ 18-55 ኢኤፍ-ኤስ የሚባለው ዓይነት ነው፣ አነስ ያለ ሴንሰር ላለው ካሜራ ብቻ የተሠራ። 5ዲ ላይ አይገጥምም። 55-250ውም እንደዚያው። ስለዚህ ቦዲውን የገዛህ ቀን ካሜራ ይኖርሃል፣ ሌንስ አይኖርህም። እኔ የደረሰብኝ ይኸው ነው። ቦዲውን ይዤ ቤት ገባሁ፣ ሌንሴን ላስገባ ስል እምቢ አለኝ። አራት ወር ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። በየቀኑ አቧራውን እያራገፍኩ አየው ነበር።

ሁለተኛው የርቀት ነገር ነው። ያንተ ካሜራ ሴንሰሩ አነስ ያለ ስለሆነ የሌንሱን እይታ በ1.6 ያጠብበዋል። 250 ሚሜ ሌንስ ባንተ ካሜራ ላይ 400 ሚሜ ፉል ፍሬም ላይ የሚያሳየውን ያህል አቅርቦ ያሳይሃል። 5ዲ ላይ እዚያ ለመድረስ እውነተኛ 400 ሚሜ ያስፈልግሃል፤ ዋጋውን ደግሞ ታውቀዋለህ። «ፉል ፍሬሙን አንስቼ እቆርጠዋለሁ» እንዳትል፣ ሒሳቡን ላሳይህ። 5ዲ ማርክ 2 21 ሜጋፒክስል ነው። በ600ዲ ልክ ከቆረጥከው የሚተርፍህ 8 ገደማ ነው። 600ዲ እዚያችው ቦታ ላይ 18 አለው። ስለዚህ ከሩቅ ለምትታይ ወፍ፣ ያ የናቅከው ካሜራ የበለጠ ዝርዝር ይይዝልሃል።

ፎከሱም ቢሆን ያን ያህል ልዩነት የለውም። 5ዲ ማርክ 2 በ2008 የወጣ ነው፣ 600ዲ በ2011። በጣትህ የምትመርጣቸው የፎከስ ነጥቦች ሁለቱም ላይ 9 ናቸው። ለሚበር ነገር ፉል ፍሬም በመሆኑ ብቻ የምታገኘው ነገር የለም።

55-250ውን ፈልግ። ሳጥኑ ላይ ሳይሆን ሌንሱ ላይ «ኤስቲኤም» የሚል የተጻፈበትን። ከቀድሞዎቹ ይልቅ ጥርት ያለ ነው፣ ፎከሱም ድምፅ የለውም። ክብደቱ 375 ግራም ብቻ ነው። አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ ግማሽ ቀን ብትሄድ አይታወቅህም።


አያት_ጥላ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1፡20

ሱሉልታ ጨርሶታል፣ እኔ ስለ ወፍ አልጨምርም። ስለ እናቶቹ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

ወንድሜ፣ ያ ፎቶ የተበላሸው በካሜራህ ደረጃ አይደለም። 5ዲ ብትይዝም ነጠላው ግራጫ ይሆን ነበር። ካሜራ ነጭ የሚባል ነገር አያውቅም። ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚሞክረው። ነጠላ ፍሬሙን ሲሞላው «ብርሃን በዛ» ብሎ ያጨልመዋል። ያኔ ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ፊት ደግሞ አብሮ ይሰምጣል። የኛ ሰው ፊት ጠይምና ጥቁር ነው፣ ዙሪያው ነጭ ከሆነ ሁሌም ተጎጂው ፊት ነው። እኔ ሠርግ ስጀምር የሙሽራ እናቶችን ፊት ስንቴ እንዳጠፋሁ አልነግርህም። አንዷ እናት ፎቶውን አየችና «እኔ ነኝ ይቺ?» አለችኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ነው ቁጭ ብዬ የተማርኩት።

እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ጥላ ፈልግ። የግድግዳ ጥላ፣ የበረንዳ፣ የዛፍ፣ ያገኘኸውን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው የምትርቀው። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ አናታችን ላይ ናት። ጥር ላይ ዘንበል ብትልም ከፍ እንዳለች ነው። ስድስት ሰዓት ላይ ሰው ብታነሳ ዓይኑ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ አፍንጫው ሥር ጥቁር ነገር ይወርዳል። ጥላ ውስጥ ግን ነጠላውም ፊቱም ይቀራረባል።

ከዚያ የብርሃን ልኬቱን ወደ ፕላስ 1 ከፍ አድርግ። አንስተህ እስክሪኑ ላይ ነጠላው ጥለቱ ይታይ እንደሆነ እይ። ጥለቱ ከጠፋ በዛ ማለት ነው፣ ትንሽ ቀንስ። ፎቶውን በሮው (ካሜራው ሳይነካካው በሚያስቀምጠው ፋይል) አንሳ። ጄፔግ ላይ የጨለመ ፊት ስታወጣው ይሻክራል፣ ሮው ላይ ብዙ ታተርፋለህ።


ቡራዩ_ንጋት
ረቡዕ፣ ቀን 6፡45

እግዜር ይስጥሽ እህቴ። ፕላስ 1 የቱ ጋ ነው? ሦስት ዓመት ይዤው አላውቀውም።


አያት_ጥላ
ረቡዕ፣ ቀን 7፡10

ከላይ ያለውን ክብ ማዞሪያ ኤቪ ላይ አድርግ። ከዚያ ከእስክሪኑ ቀኝ በኩል ከላይ፣ «ኤቪ» እና የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለባት ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷን ተጭነህ ይዘህ፣ በሌባ ጣትህ የፎቶ ማንሻው አጠገብ ያለችውን ጎማ ወደ ቀኝ አዙር። መስመሩ ላይ ያለችው ምልክት ወደ 1 ስትሄድ ታያለህ። ጨርሰህ ስትወጣ ወደ ዜሮ መመለስ እንዳትረሳ፤ ካልመለስከው የሚቀጥለው ቀን ሰማዩ ሁሉ ይነጣል።


ለገጣፎ_21
ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ክሩን አልዝረፍ እንጂ እኔም ጥያቄ አለኝ። ኒኮን ዲ3400 ነው የያዝኩት። በቴሌግራም ያገለገለ 50 ሚሜ ኤፍ/1.8 አግኝቼ ገዛሁ። ሻጩ «አዲስ ነው በለው» ብሎኝ ነበር። ቤት መጥቼ ስሞክረው ፎከስ አያደርግም። ስደውል ስልክ አያነሳም። ተበላሽቶ ይሆን? ዲ የሚል ፊደል አለው።


ሰበታ_ጠጋኝ
ረቡዕ፣ ማታ 3፡15

ልጆች፣ እንደምን አመሻችሁ። እኔ ከፊልሙ ጊዜ ጀምሮ ካሜራ ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ። አሁን ጡረታ ወጥቼ ሰበታ ነው ያለሁት። የምታወሩት ነገር ሆዴን ስለነካው ነው የጻፍኩት።

ለገጣፎ ልጄ፣ ሌንስህ ምንም አልሆነም። አይዞህ። ዲ የሚለው ሌንስ ውስጡ ሞተር የለውም። ፎከስ የሚያዞርለት ሞተር ካሜራው ውስጥ መኖር አለበት። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ ያ ሞተር የላቸውም፣ ዲ7000ና ከዚያ በላይ ያሉት አላቸው። ስለዚህ ያንተ ካሜራ ላይ በእጅህ ብቻ ነው የምታዞረው። ፎቶው ጥሩ ነው፣ ፎከስ ሲይዝ ደግሞ ከታች በግራ አረንጓዴ ነጥብ ትበራልሃለች። እንዲህ ሆኖ ቁጭ ለሚል ሰው በደንብ ያገለግልሃል። የሚሮጥ ልጅ ማንሳት ከፈለግህ ግን «ኤኤፍ-ኤስ» የሚል የተጻፈበትን ቀይረህ ግዛ።

ቡራዩ ልጄ፣ ሌንሱን ልትገዛ ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ። የራስህን ካሜራ፣ የራስህን ካርድ ያዝ። በቀን ሂድ። ስልክህ ላይ ባትሪው ይብራልህ። ሌንሱን ከኋላው በስልክ ባትሪ አብራበትና ከፊት በኩል ጎንበስ አድርገህ እየው። ቀጥ አድርገህ ካየኸው አይታይህም፤ ዘንበል ማድረግ ነው ያለብህ። የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ነጭ ክር ካየህ ሻጋታ ነው። ብናኝ አያስፈራህም፣ ሁሉም ሌንስ ውስጥ ትንሽ አለ። ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ጭረትም ፎቶ ላይ አትወጣም። ሻጋታ ግን መስተዋቱን ነው የሚበላው። ብታጸዳውም ሽፋኑን በልቶ ከሆነ ጠባሳው ይቀራል። እኔ ስንት ሌንስ እንደከፈትኩ እግዜር ያውቃል። ግማሹ የመጣልኝ በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ቁም ሳጥን ውስጥ ከርሞ ነው። ቆዳው ክረምቱን እርጥበት ይጠጣል፣ ከዚያ ሌንሱን ያሻግታል። ሰው ቆዳው የሚጠብቀው ይመስለዋል።

ከዚያ ካሜራህ ላይ ግጠመው። ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈህ፣ ፊት ለፊት ቆመህ፣ የሌንሱን ቀዳዳ (አፐርቸሩን) በሙሉ ከፍተህ አንሳ። አራቱንም ማዕዘን አጉልተህ እይ። አንዱ ጥግ ብቻ ብዥ ካለ ሌንሱ ወድቆ ያውቃል። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዙረው፣ አሸዋ የሚፈጭ ድምፅ ካለው ተወው። በመጨረሻ አፐርቸሩን አጥብበህ ኤፍ/16 አድርገህ ሰማዩን አንሳ። ያኔ የምታያቸው ጥቁር ነጠብጣቦች የሌንሱ አይደሉም፣ ያንተው ካሜራ ሴንሰር ላይ ያለ አቧራ ነው። በዚያ ሰውዬውን እንዳትጣላው።


ለገጣፎ_21
ረቡዕ፣ ማታ 3፡40

ጋሼ፣ እግዜር ያክብርልኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ተቃጠልኩ ብዬ ነበር። አሁን አረንጓዴዋን ነጥብ አየኋት። እህቴን አንስቼ ላሳያት ነው።


ኮተቤ_ሰማይ
ሐሙስ፣ ጠዋት 3፡00

እሺ፣ የርቀቱን ሒሳብ አላሰብኩትም ነበር፣ ሱሉልታ ልክ ነህ። ቡራዩ፣ 250ውን ካገኘህ እንጦጦ ብቅ በል። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ከሩቅ፣ ሳያውቁህ ማንሳት ትችላለህ።


አያት_ጥላ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡15

ኮተቤ፣ በፍቅር ነው የምነግርህ፣ እንዳትቀየመኝ። ይህንን አልወደውም። እነዚያ እናቶች ጎህ ሳይቀድ ወጥተው፣ ጀርባቸው ጎብጦ ነው የሚወርዱት። ተሸክመው እያለ ቆመው «አታንሳኝ» እንኳን ማለት አይችሉም። ብዙ ሰው እንዲሁ አንስቷቸዋል፣ አንዲቷም ፎቶዋን አላየችም። ረጅም ሌንስ የተሠራው ሰው ሲቀርባት ለምትሸሽ ወፍ ነው። ሰው ከሆነ ቀርበህ «እንደምን አደሩ» በለው። በ18-55ህ ቀርበህ ያነሳኸው ፊት፣ በ250 ከሰረቅከው ይበልጣል። ዓይኑ እያየህ ነዋ።


ኮተቤ_ሰማይ
ሐሙስ፣ ጠዋት 4፡30

ልክ ነሽ። ሳላስብ ነው የጻፍኩት። ይቅርታ።


ሱሉልታ_ሯጭ
ሐሙስ፣ ማታ 2፡00

ስለ ገፈርሳ ትንሽ ልጨምር፣ እኔም አልፎ አልፎ እሄዳለሁ።

እዚያ ያለው ውሃ የከተማው የመጠጥ ውሃ ነው። መጀመሪያ ጥበቃዎቹን ሰላም በልና ካሜራህን አሳያቸው፣ ወፍ ልታነሳ እንደመጣህ ንገራቸው። ተደብቀህ ከተገኘህ ማስረዳት ይከብዳል። ግድቡን ራሱን አታንሳ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ቦታህን ይዘህ ቁጭ በል። እዚህ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው፣ ወርቃማው ብርሃን ቶሎ ያልፋል። 2 ሰዓት ከሩብ ሲሆን ብርሃኑ ጠንክሯል፣ ውሃው ላይ ሙቀቱ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያኔ የትኛውም ሌንስ ብዥ ይልብሃል። ወደ ዝይዎቹ ቀጥ ብለህ አትሂድ። ወደ ጎን እየሄድክ፣ እየቆምክ፣ ሌላ ነገር እንደምታይ ሁን። ከዚያ ሳሩ ላይ ቁጭ በል፣ ከቻልክ በሆድህ ተኛ። ቆመህ ካነሳሃቸው ጀርባቸውን ነው የምታገኘው።

ሸተሩን (ፎቶው የሚነሳበትን ፍጥነት) ለቆመች ወፍ ከ1/400 አታውርድ፤ 250 በ1.6 ሲባዛ 400 ነው፣ ቁጥሩ ከዚያ የመጣ ነው። ለምትበር ከ1/1600 በላይ ሂድ። የሌንሱ ማረጋጊያ የእጅህን መንቀጥቀጥ ይይዝልሃል እንጂ የወፏን ክንፍ አያቆምልህም። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 800ም 1600ም ለመክፈት አትፍራ፤ ከብዥታ ትንሽ ሻካራ ፎቶ ይሻላል። ፎከሱን መሐል ያለችው ነጥብ ላይ ብቻ አድርገው፣ 600ዲ ላይ ጠንካራዋ እሷ ናት። ሮው ከሆነ ደግሞ ማንሻውን ተጭነህ አትያዝ። 6 ፎቶ ያህል ካነሳ በኋላ ካርዱ ላይ እስኪጽፍ ይቆምብሃል፤ ወፏ የምትነሳው ሁሌም ያኔ ነው። ሁለት ሁለት እያደረግህ አንሳ።


ቡራዩ_ንጋት
እሁድ (ከሁለት ሳምንት በኋላ)፣ ማታ 1፡50

ቤተሰብ፣ ተመልሻለሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

5ዲውን ተውኩት። ሌንሶቹን ለማየት ሄድኩ። ጋሼ ያሉትን አንድ በአንድ አደረግኩ። 50 ሚሜውን ከኋላ አብርቼ ዘንበል ሳደርገው፣ ከጠርዙ ወደ መሐል የሚሄድ ነጭ ክር አየሁ። እንደ ፀጉር ሥር ነው፣ ቅርንጫፍ አለው። ሻጩ ራሱ አላወቀም ነበር፣ ሳሳየው ደነገጠ። እሱን ተውኩት። 55-250ው ንጹሕ ነው፣ ጋዜጣውም ላይ አራቱም ጥግ ይነበባል። ገዛሁት። ሰማዩን በኤፍ/16 ሳነሳ 11 ጥቁር ነጥብ ቆጠርኩ፣ ሁሉም የኔው ሴንሰር ነው።

ትናንት ገፈርሳ ነበርኩ። ጥበቃው ስሜን ጠየቀኝ፣ ከዚያ የትኛው ጥግ እንደሚሰበሰቡ ራሱ አሳየኝ። ሳሩ በጤዛ ርሶ ነበር፣ ደረቴ ድረስ ረጠብኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ምንም አላነሳሁም። ሁለት ዝይዎች ሳር እየጋጡ ቀስ ብለው ወደ እኔ መጡ። አንደኛዋ ቆመችና ክንፏን ዘረጋች። ያቺን ሰማያዊ፣ ፈዘዝ ያለች፣ እንደ ታጠበ ጂንስ ያለች ሰማያዊ አገኘኋት። 1/800፣ ኤፍ/5.6፣ አይኤስኦ 800። አጉልቼ ሳየው ምንቃሯ ላይ የሳር ቅጠል አለ። የጤዛ ጠብታም አለባት።

ከዚያ ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ያቺን እናት ጠራኋት። ከቤታቸው ጀርባ፣ የጭቃው ግድግዳ ጥላ ሥር፣ በርጩማ ላይ አስቀመጥኳት። 18-55ቱን ነው ያደረግኩት፣ 50 ላይ። ፕላስ 1። ነጠላዋ ነጭ ሆኖ ጥለቱ ይታያል፣ ፊቷም አለ፣ ግንባሯ ላይ ያለችው ንቅሳት ሁሉ። ነገ አሳትሜ እወስድላታለሁ።

አያት፣ 50 ሚሜውን ሌላ እየፈለግኩ ነው። ላንቺ ልጠይቅ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ አይጠብም?


አያት_ጥላ
እሁድ፣ ማታ 2፡20

ደስ አልከኝ። ጥያቄህ ልክ ነው፣ 50 ያንተ ካሜራ ላይ 80 ያህል ይሆናል። ኮንዶሚኒየም ሳሎን ውስጥ ጀርባህ ግድግዳ እስኪነካ ብታፈገፍግም ሦስት ሰው አይገባልህም። አንድ ሰው ፊቱን ለማንሳት ግን እሱን የመሰለ የለም። ቤተሰብ፣ ቡና ሲፈላ፣ ልጆች ሲጫወቱ ነው የምታነሳው ከሆነ 24 ሚሜ ኤፍ/2.8 ፈልግ። ጠፍጣፋ ናት፣ 125 ግራም። ካሜራው ላይ ስትገጥማት ሰው አይፈራህም። እስከዚያ ኪትህን 24 ላይ አድርገህ አንድ ሳምንት አንሳ፣ ከዚያ 50 ላይ አድርገህ አንድ ሳምንት። የትኛው እንደሚናፍቅህ ታውቀዋለህ።


ሰበታ_ጠጋኝ
እሁድ፣ ማታ 3፡00

ልጄ፣ ሴንሰርህ ላይ ያሉትን 11 ነጥቦች በአፍህ እንዳትነፋቸው፣ ምራቅ ከአቧራ የባሰ ነው። የጎማ መንፊያ ግዛ። በሜኑው ውስጥ «ሴንሰር ማጽጃ» የሚለውን ከፍተህ፣ የካሜራውን አፍ ወደ መሬት አዙረህ፣ ከታች ወደ ላይ ንፋው። ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ መብራት በሄደበት ማታ አታድርገው። ነጥቦቹ ካልወረዱልህ ይዘኸው ወደ ሰበታ ና፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነኝ።